ፀረ ሽብር ሕግ፣ የስልክ ጠለፋና መብታችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፀረ ሽብር ሕግ ወሬ ሲነሣ ሰው ቶሎ ጎራ ይለያል። አንዱ «ቦምብ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ የምን መብት?» ይላል። ሌላው «ይሄ ሕግ የወጣው እኛን ለማሰር ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ያዩትን አይተው ነው የሚናገሩት። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በሁለቱ መሀል ያለውን ይመለከታሉ፦ መንግሥት ማንን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ ይሰልላል? አብዛኛው ስለ ኢትዮጵያ ነው። ውጭ ያለውን አንባቢም ስለሚነካው ስለ አሜሪካና ስለ አውሮፓ ትንሽ ጨምሬበታለሁ። የኢትዮጵያ ጉዳዮች ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭዎቹን እ.ኤ.አ. ብያለሁ።

መንግሥት ስልኬን መጥለፍ ይችላል ወይ?

በሕግ ደረጃ ይችላል፤ ግን እንዳሻው አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው ቤቱ፣ አካሉና ንብረቱ ከመበርበር የተጠበቀ ነው ይላል። ደብዳቤውን፣ ስልኩንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገውን ግንኙነትም ይጠብቃል። ወረቀቱ የጸደቀው በ1987 ነው። ያኔ ኢሜይል የሚጠቀም ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ሆኖም አጻጻፉ ዛሬ የምንጠቀምበትን ሁሉ ይሸፍናል።

ይኸው አንቀጽ ራሱ በር ይከፍታል። አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ተለይቶ በወጣ ዝርዝር ሕግ፣ ለአገር ደህንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከልና ለመሳሰሉት ዓላማዎች መብቱ ሊገደብ ይችላል። ስለዚህ «ግላዊነት ፍጹም ነው» የሚለውም፣ «ለደህንነት ሲባል ሁሉም ይፈቀዳል» የሚለውም ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም። ያለው ቅድመ ሁኔታ ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ ያ ዝርዝር ሕግ እንዴት ተጻፈ በሚለው ላይ ነው።

የድሮው የፀረ ሽብር አዋጅ 652 ያለ ፍርድ ቤት ያስጠልፍ ነበር አይደል?

አይደለም። ብዙ ሰው እንዲያ ይመስለዋል። አዋጅ ቁጥር 652/2001 አንቀጽ 14 ላይ የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ስልክ፣ ፋክስ፣ ሬዲዮ፣ ኢንተርኔትና ፖስታ መጥለፍ የሚችለው ከፍርድ ቤት ፈቃድ ሲያገኝ እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ለዚህ ሥራ ሲባል በምስጢር ቤት መግባትና መሣሪያ መትከልም በፈቃድ ነበር። ድብቅ ብርበራም እንዲሁ። የድንገተኛ ፍተሻው ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር፤ ከፌዴራል ፖሊስ ዋና ኃላፊ ፈቃድ ማግኘት ይበቃው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው እንግዲህ የፍርድ ቤት ስም አለመጠቀሱ አይደለም። ዳኛው ፈቃድ ሲጠየቅ የሚመዝንበት ሚዛን ልል ነበር። ፈቃድ ከተሰጠ በኋላም ምን እንደተሠራበት ተመልሶ የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔ የትኛውንም የስለላ ሕግ ሳነብ የምፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ሚዛኑ ልል ነበር ሲባል ምን ማለት ነው?

ደህንነቱ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲመጣ ዳኛው ፊት ያለው ጥያቄ «ይህ ሰው በሽብር ወንጀል ሊጠረጠር ይችላል ወይ?» የሚል ነው። መልሱ ሙሉ በሙሉ የሚንጠለጠለው ሽብር በሚለው ቃል ትርጉም ላይ ነው። ትርጉሙ ሰፊ ከሆነ ጥሩ ዳኛም ቢቀመጥ አይረዳም። ሕጉን ተከትሎ ይፈርማል።

በ652 ትርጉም መሠረት ፖለቲካዊ ዓላማ ይዞ በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ ሽብር ነበር። የሕዝብ አገልግሎትን በከባድ ሁኔታ ማስተጓጎልም ሽብር ነበር። መንገድ የዘጋ ሰልፍ ወይም የሥራ ማቆም አድማ እዚህ ውስጥ አይገባም የሚል መከላከያ አልነበረውም። ሽብርን መደገፍ የሚለው ክፍል ደግሞ የሞራል ድጋፍና ምክር መስጠትን ይጨምራል። የሞራል ድጋፍ በምን ይለካል? በመልካም ምኞት ነው? በጭብጨባ? ሽብርን ማበረታታት የሚለውም ንግግሩን ከሰሙት ሰዎች ከፊሎቹ እንኳ «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያበረታታል» ብለው ሊረዱት የሚችሉትን ጽሑፍ ይይዛል። ቅጣቱ ከ10 እስከ 20 ዓመት ነበር። በዚህ አጻጻፍ የጋዜጣ ዓምደኛ ስልኩ እንዲጠለፍ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ልፋት አይጠይቅም።

የሆነውም ይኸው ነው። በጋዜጠኞቹ በነርዕዮት ዓለሙና ውብሸት ታዬ መዝገብ ከቀረቡት ማስረጃዎች ውስጥ መንግሥትን የሚተቹ የኢንተርኔት ጽሑፎችና ስለ ሰላማዊ ተቃውሞ የተደረጉ የስልክ ንግግሮች ነበሩበት። ጥር 2004 ላይ ሁለቱም 14 ዓመት ተፈረደባቸው፤ የርዕዮት በይግባኝ ወደ 5 ዝቅ አለ። ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋም በዚያው ዓመት 18 ዓመት ተፈረደበት።

የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ጉዳይ ከስለላ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል፤ ከሁሉም መዝገቦች አስተማሪው እሱ ይመስለኛል። ሚያዝያ 2006 ላይ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ። ክሱ ሲመጣ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የሚባል፣ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት የሆነ መመሪያ አለ። የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚጠበቅ፣ መልእክት እንዴት እንደሚመሰጠር ያስተምራል። እሱን መጠቀም የሽብር ዝግጅት ተደርጎ ቀረበ።

ሎጂኩን ልብ ይበሉ። መንግሥት ሊሰማህ ይፈልጋል። አንተ እንዳይሰማህ ትጠነቀቃለህ። ጥንቃቄህ ራሱ ማስረጃ ይሆንብሃል። ከዚህ ወዲያ የሚያመልጥ ሰው የለም፤ ክፍት አድርገህ ካወራህ ወሬህ ይቀርብብሃል፣ ዘግተህ ካወራህ መዝጋትህ ይቀርብብሃል።

ሐምሌ 2007 ላይ የአምስቱ ክስ ተቋረጠ። ጥቅምት 2008 ላይ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀሪዎቹን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። እስከዚያ ግን አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ታስረዋል። ነፃ መባል የጠፋውን ጊዜ አይመልስም። ሕጉ አንድ ቀነ ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፣ በድምሩም እስከ አራት ወር እንዲሄድ ይፈቅድ ነበር፤ ያም ክስ ከመመሥረቱ በፊት ነው።

እውነተኛ የሽብር አደጋ የለም እያልክ ነው?

ኧረ አለ። ሰኔ 1987 አዲስ አበባ ላይ የግብፁን ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክን ለመግደል ተሞክሯል። ጥቅምት 2006 ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተጋጠሙበት ቀን ቦሌ አካባቢ ቦምብ ሲያዘጋጁ የነበሩ ሁለት ሰዎች እጃቸው ላይ ፈንድቶ ሞቱ። ስታዲየሙ ያን ቀን ጢም ብሎ ነበር። ሐምሌ 2014 አልሸባብ ድንበር ተሻግሮ ሶማሌ ክልል ገብቷል። ይሄን ሁሉ አስቀድሞ የሚሰማ ተቋም ያስፈልጋል። ስልክ ሳይጠለፍ ይደረስበታል የሚል ካለ የዋህ ነው።

ግን ይሄው ምክንያት የሕጉን ሰፊነት ይቃወማል እንጂ አይደግፍም። ጋዜጠኛ የሚያዳምጥ የደህንነት ባለሙያ በዚያች ሰዓት ቦምብ ሠሪ እያዳመጠ አይደለም። ጊዜውም ሰዉም ውስን ነው።

አዲሱ አዋጅ 1176 ምን ቀየረ?

ታኅሣሥ 2012 ላይ ምክር ቤቱ የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1176/2012 አጽድቆ 652ን ሻረው። ስሙን ብቻ ያዩ ሰዎች «ያው ነው» ይላሉ። ያው አይደለም።

ትልቁ ለውጥ አንቀጽ 4 ነው። ከተቋሙ ሥራ ጋር የተያያዘ የሥራ ማቆም አድማ አገልግሎት ቢያስተጓጉልም ሽብር አይባልም። ሰልፍ፣ ስብሰባና ሌሎች በሕግ የታወቁ መብቶችን መጠቀምም እንዲሁ። በ652 ያጣነው መከላከያ ይሄ ነበር። ዳኛው አሁን «ይህ ሰልፍ ነው እንጂ ሽብር አይደለም» ብሎ የሚጠቅሰው አንቀጽ አለው። የጠለፋ ፈቃድ ለመከልከልም ያው አንቀጽ ያገለግላል።

አሁንም የሚያሳስብ ነገር አለ። ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ርዕዮተ ዓለማዊ ዓላማ ይዞ ንብረት፣ የተፈጥሮ ሀብት ወይም አካባቢን መጉዳት አሁንም ከሽብር ዝርዝር አልወጣም። ሰው ያልሞተበት፣ ሰው ያልቆሰለበት የንብረት ጉዳት በተራው የወንጀል ሕግ መዳኘት ነበረበት ባይ ነኝ። የሞት ቅጣትም አልቀረም።

የደህንነት መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ብቻውን ማስረጃ ይሆናል?

በ652 ሊሆን ይችል ነበር። አንቀጽ 23 የደህንነት ሪፖርት ምንጩ ወይም የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም ተቀባይነት እንዳይነፈገው አድርጓል። የሰሚ ሰሚ ምስክርነትና የተጠለፈ ንግግርም እንዲሁ።

ይሄ ለጠበቃ ቅዠት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው ይላል። «ምንጩን አልነግርህም» የተባለ ወረቀት ላይ ምን ዓይነት መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርባል? የተጠለፈ ንግግርም ቢሆን ተቆርጦ ሊቀርብ ይችላል። ከአርባ ደቂቃ ወሬ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢመረጥ ማንም ሰው ወንጀለኛ ይመስላል። የስልክ ቅጂ በማስረጃነት ሲመጣ ጠበቃ ሙሉው እንዲቀርብ የሚወተውተው ለዚህ ነው።

ከፍርድ ቤት ፈቃድ በፊት ጠለፋ የሚጀመርበት ሕጋዊ መንገድ አለ?

አለ። ሰው ልብ የማይለው አዋጅ ውስጥ ነው ያለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 25 ይባላል። በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ጉዳት የሚያደርስ የኮምፒውተር ወንጀል ሊፈጸም ነው ተብሎ ሲታመንና ጉዳዩ አስቸኳይ ሲሆን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ጠለፋ ሊፈቅድ ይችላል። ሥልጣኑ ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ ነው። ምክንያቱን ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ማቅረብ አለበት። ፕሬዝዳንቱም ወዲያው ተገቢውን ትዕዛዝ ይሰጣል።

እንዲህ ያለ በር በብዙ አገር ሕግ ውስጥ አለ፤ በራሱ ክፉ አይደለም። ቅዳሜ ሌሊት የመብራት ኃይል ሲስተም ቢጠቃ ሰኞ ችሎት እስኪከፈት አይጠበቅም። መጠየቅ ያለበት ከ48 ሰዓት በኋላ ስንቱ ጥያቄ ውድቅ ይሆናል የሚለው ነው። ፕሬዝዳንቱ አይሆንም ሲሉስ የተሰበሰበው ይደመሰሳል ወይ? ቁጥሩ በየዓመቱ ለሕዝብ ቢወጣ ምንም ምስጢር አይወጣበትም።

ወሬዬን ካልሰሙ የደወልኩለትን ሰው ዝርዝር ቢያዩ ምን አለበት?

ዝርዝሩ ከወሬው የበለጠ ይናገራል። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ከየት አካባቢ፣ ለስንት ደቂቃ ደወለ? የአንድ ወር ዝርዝር ቢሰጡኝ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንደሚሄዱ፣ ሐኪምዎ ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ እገምታለሁ። ጋዜጠኛ ከሆኑ ምንጭዎን አገኘሁት ማለት ነው።

ያው አዋጅ 958 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት ዝርዝሩን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። የሁሉንም ሰው ማለት ነው፣ የተጠርጣሪን ብቻ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ዘገባ የቻይናው ዜድቲኢ ለኢትዮ ቴሌኮም የዘረጋው የደንበኞች ሲስተም የጥሪ ዝርዝርና የተቀዳ ድምፅ በቀላሉ እንዲገኝ እንዳደረገ ይተርካል። በምርመራ ወቅት የገዛ ራሳቸውን የስልክ ንግግር የተሰሙ ሰዎችም ቃላቸውን ሰጥተዋል። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ዛሬም ወሬው ጠንከር ሲል «ይሄ በስልክ አይሆንም፣ ስንገናኝ» የሚለው ያለ ነገር አይደለም።

በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ኩባንያዎች መረጃችንን እንዴት እንደሚይዙ ሥርዓት አብጅቷል። ባንክና ቴሌኮም ላይ ይጠቅማል። ከደህንነት ሥራ ያድነኛል ብሎ መጠበቅ ግን አያዋጣም።

የምደብቀው ነገር የለኝም። ምን ያሳስበኛል?

ዛሬ የለዎትም ይሆናል። ግን ንጹህ የሚባለው ነገር ራሱ ይለዋወጣል። በእኛ አገር ደግሞ በፍጥነት ይለዋወጣል።

ሰኔ 2003 ላይ ምክር ቤቱ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር አሸባሪ ብሎ ሰየመ። ሰኔ 2010 ላይ ሦስቱን ከዝርዝሩ አወጣቸው። መሪዎቻቸው በቦሌ ገቡ፣ አቀባበል ተደረገላቸው። ሚያዝያ 2013 ላይ ለ27 ዓመት የአገሪቱን መንግሥት የመራው ሕወሓት ከሸኔ ጋር አሸባሪ ተባለ። መጋቢት 2015 ላይ ሕወሓት ከዝርዝሩ ወጣ። የ652 ዋና አርቃቂ የነበረው ፓርቲ እንግዲህ በተራው ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል።

በ2002 ከአጎቱ ልጅ ጋር ስለ ግንቦት 7 ያወራ ሰው በ2004 ወንጀለኛ ሊሆን ይችል ነበር። በ2011 ያው ወሬ የቡና ወሬ ነው። ዝርዝሩ ይቀየራል፣ ቅጂው ግን መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቆያል። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ይሄን ሕግ ሲያረቅ ነገ እኔ ተጠርጣሪ ብሆንስ ብሎ ቢያነበው ብዙው ነገር ይስተካከል ነበር።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ይሄ ሁሉ ይቀራል?

አብዛኛው ሊቀር ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩትን ሲዘረዝር አንቀጽ 1ን፣ 18ን፣ 25ንና የ39ን ሁለት ንዑሳን አንቀጾች ብቻ ይጠራል። አንቀጽ 26 የለበትም። ስለዚህ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ብርበራና እስር ሊፈቀድ ይችላል፤ በ2014ቱም ሆነ በ2015 መጨረሻ ለአማራ ክልል በታወጀው ላይ አይተነዋል። ኬላ ላይ ስልክ ተቀብሎ ፎቶና ቴሌግራም ማገላበጥ ተራ ነገር የሆነው በእነዚህ ዓመታት ነው።

አዋጁ በምክር ቤት ከጸደቀ ስድስት ወር ይቆያል። ከዚያ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። ሥራው የታሰሩትን ሰዎች ስም ማውጣትና አያያዛቸውን መከታተል ነው። ስለ ተጠለፈ ስልክ የሚጠይቅ አካል ግን አላየሁም። አሳሪውን የሚከታተል አለ፣ ሰሚውን የሚከታተል የለም።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። የኢትዮጵያ መንግሥት እዚህ ድረስ ሊሰልለኝ ይችላል?

ሕግ ባይፈቅድለትም ቴክኖሎጂው ፈቅዶለት ያውቃል። ካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን ነገሩን ደጋግሞ አጋልጧል። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጭ ሆኖ ያሰራጭ የነበረው የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሀኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ዒላማ እንደነበሩ ዘገበ። በቀጣዩ ዓመት የኩባንያው ውስጥ ደብዳቤዎች ሾልከው ወጡና የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ደግሞ ሳይበርቢት በሚባል የእስራኤል ኩባንያ ምርት ውጭ ያሉ የኦሮሞ ተሟጋቾች ዒላማ መደረጋቸው ተገለጸ።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው፤ ፍርድ ቤቱ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እንዲከስ ፈቀደለት። በኢሜይል ተያይዞ የመጣ ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የሚባል ሶፍትዌር ጫነበት። የስካይፕ ጥሪዎቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ ለወራት ሲቀዳ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገቡን ዘጋው። ምክንያቱ ገራሚ ነው። የውጭ መንግሥትን አሜሪካ ውስጥ ለመክሰስ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ መሆን አለበት፤ እዚህ ግን የስለላው ሐሳብና አሠራር ከውጭ ነው የመጣው ተባለ። ሰላይ በአካል ቤቱ ገብቶ ገመድ ቢቀጥል ምናልባት ይከሰስ ነበር። ከሩቅ በኢሜይል ስላደረገው አመለጠ።

አሜሪካ ሆኜ አዲስ አበባ ስደውል አሜሪካ ራሷ ትሰማለች?

ልትሰማ ትችላለች፣ እርስዎ ዒላማ ሳይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንቀጽ 702 የሚባል ድንጋጌ አለ። የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የውጭ ዜጎችን ግንኙነት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የዳኛ ፈቃድ ሳይጠይቁ፣ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። ልዩው ፍርድ ቤት በየዓመቱ የሚያየው የአሰባሰቡን ደንብ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድምዎ ዒላማ ከሆነ ከእርስዎ ጋር ያወራው አብሮ ይገባል።

አንዴ ከገባ በኋላ ኤፍቢአይ በእርስዎ ስም ሊፈልግ ይችላል ወይ? ዋናው ትግል እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ሕጉ ሊታደስ ሲል ለአሜሪካውያን ፍለጋ የዳኛ ፈቃድ ይጠየቅ የሚል ማሻሻያ ቀረበ። በተወካዮች ምክር ቤት 212 ለ212 ሆኖ ወደቀ። እኩል ድምፅ መሸነፍ ነው። ሕጉ ለሁለት ዓመት ታደሰ።

የተሻለ የሠሩበት አገርስ አለ?

ፍጹም የለም፤ የሚኮረጅ ግን አለ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ የጠለፋ ትዕዛዝ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፤ ሚኒስትሩ ይፈርማል፣ ከዚያ ገለልተኛ የዳኝነት ኮሚሽነር ያጸድቃል። ማንም ሰው «ተሰልዬ ይሆናል» ብሎ የሚያመለክትበት ልዩ ችሎትም አላቸው። እንደተሰለለ አስቀድሞ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። የሕጉ ስፋት ግን በጣም ይወቀሳል።

እኔን የሚማርከኝ የጀርመኑ ነው። ስለላው ካለቀና የምርመራውን ዓላማ የማይጎዳ ከሆነ ለተሰለለው ሰው ይነገረዋል። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ስልክህ ተጠልፎ ነበር» ይባላል፤ ከዚያ መክሰስ ይችላል። ሰላዩም ይሄ ሰው አንድ ቀን ያውቃል ብሎ ይሠራል። ይሄ ብቻውን ሰውን ቁጥብ ያደርጋል። በ652 ውስጥ ይህን የሚመስል መስመር አልነበረም። ያለው ምስጢር ይጠበቅ የሚል ነበር።

ቪፒኤን ወይም ሲግናል ብጠቀም ያስጠረጥረኛል?

ከዞን ዘጠኝ ክስ በኋላ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልእክት መመስጠር በራሱ ሽብር አይደለም፤ ያ ክስም ከፍርድ ቤት አላለፈም። ባንክዎም በየቀኑ ይመሰጥራል። መተግበሪያው የሚጠብቀው ግን በመንገድ ላይ ያለውን መልእክት ነው። ስልኩ ራሱ ሰው እጅ ከገባ ወይም እንደ ኪዳኔ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ከተጫነበት ሁሉም ክፍት ነው። ያልጠበቁትን አባሪ ፋይል አለመክፈት ከብዙ መተግበሪያ ይበልጣል።

ተሰልያለሁ ብዬ ብጠረጥር ወይም ዘመዴ በሽብር ቢያዝ ወዴት እሄዳለሁ?

ዘመድ ከተያዘ ቶሎ መንቀሳቀስ ይሻላል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚያስኬደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የት ጣቢያ እንዳለ፣ ማን እንደወሰደው ጽፈው ይያዙ። ስልኩና ኮምፒውተሩ ከተወሰደ የተያዘውን ዕቃ ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ኋላ «ከስልኩ ተገኘ» የሚባል ነገር ሲመጣ ጠበቃው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ወረቀት ነው። ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ሕገ መንግሥቱ ይናገራል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ እስር ቤት የመጎብኘት ሥልጣን ስላለው ለእሱም ማሳወቅ ይረዳል።

ስለላ ብቻ ከሆነ ግን ከባድ ነው። ለእንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለኮሚሽኑ ማመልከት ይቻላል። ፍርድ ቤት ሲሄዱ ግን መጀመሪያ የሚጠየቁት «መጠለፍህን በምን አወቅህ?» ነው። አብዛኛው ሰው መጠለፉን የሚያውቀው የገዛ ድምፁ መዝገብ ላይ ተያይዞ ሲቀርብበት ነው።